ለፊዚክስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ስልኩ ሲጮህ ንጋት አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣራ ጣራ እያየች ነበር። ፈተና ከወደቀች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆኗል።

«አንቺ፣ ሽማግሌ አስልከሻል እንዴ?» አለች ጥሩነሽ። ጥሩነሽ የአክስቷ ልጅ ናት፤ እዚያው በሚኖሩበት ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ትሠራለች።

«ለማን ብዬ? ባል አገኘች አሉሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! መምሬ ባምላክና ሼህ መሐመድኑር አንድ ጎረቤታችሁን አስከትለው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የአስተማሪዎችሽ ስብሰባ መሀል ቆመዋል። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ፣ ሻይ ባቀርብ እምቢ። ስለ ልጃችን ስለ ንጋት ነው የመጣነው ይላሉ።»

በስማም! ንጋት ከአልጋው ዘላ ወረደች። የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባትም፤ አባቷ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጋት የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪ ናት። ዶክትሬት ደግሞ ዝም ብለው ዘው የሚሉበት ቤት አይደለም፤ ከምርምሩ በፊት የብቃት ፈተና የሚሉት አንድ ጉድ አለ። ተማሪው ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ፣ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የተማረውን ሁሉ ወረቀት ላይ ያራግፋል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። ንጋት ሁለቱንም ጊዜ ወደቀች። ሳታውቅ ቀርታ እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀቱ ፊቷ ሲቀመጥ የምታውቀው ሁሉ ድርግም ይልባታል።

በዚህ ፈተና የሚወድቀው ሲበዛ አስተማሪዎቹ እናሻሽለው ብለው ስብሰባ ጠሩ። የኛ ሰው ስብሰባ መቼም ከከተማ ካልወጣ አይጥመውም፤ ላሊበላ መጡ። ግማሽ ቀን ይመክራሉ፣ ግማሽ ቀን ተራራው ላይ ያለው አሸተን ማርያም ገዳም ወጥተው ፎቶ ይነሳሉ።

ይህን የሰሙት አባቷ አቶ ጋሻዬ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምረው ሲጠይቋት ነበር።

«ስንቴ ነው እምቢ ያሉሽ?»

«ሁለቴ፣ አባዬ።»

«ሁለቴ ብቻ? የእናትሽ አባት እኮ ስንቴ እምቢ ብለውኛል! እምቢ ማለት ወግ ነው። ለመሆኑ ሽማግሌ ተልኳል?»

ያኔ ንጋት ከት ብላ ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም፤ ሰውየው የምራቸውን ነበር።

ሆቴሉ ስትደርስ ጉዱ እንደተነገራት ነው። ሽማግሌዎቹ ፕሮጀክተሩ ፊት ቆመዋል። መምሬ ባምላክ ጋቢ ላይ «የፈተና ማሻሻያ ረቂቅ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ አርፎባቸዋል፤ እሳቸው አላዩትም። አዲስ አበባ ያደጉት ዶክተር የሻው ሰዎቹ የደከማቸው መስሏቸው ወንበር በወንበር ላይ ያቀርባሉ። ላብ ያጠመቀው የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ዶክተር ከፋለን ነው። ዶክተር ከፋለ እዚሁ ወሎ የኮን ልጅ ናቸው፤ ወጉን ያውቁታል። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም። ሽማግሌ አቁሞ ስብሰባ መምራት ደግሞ ኮን ድረስ የሚሰማ ነውር ነው።

«አባቶቼ፣ ይሄ ትምህርት ነው እኮ፤ ጋብቻ አይደለም» አሉ ዶክተር ከፋለ።

«እሱን እናውቃለን፣ ልጄ» አሉ መምሬ ባምላክ። «ጋብቻማ ቢሆን እስካሁን ሰጥተኸን ነበር።»

ንጋት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን አልተከፈተችም፤ ስለዚህ ገባች።

«መምሬ፣ በሞቴ ይቀመጡልኝ! እኔ እንዲለመንልኝ አልፈልግም።»

«ተይ እንጂ፣ የምትለመን ልጅ አትናገርም» አሉ ሼህ መሐመድኑር ቆጣ ብለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ንጋት ግን አልሳቀችም። 

«የምለመን ልጅ አይደለሁም፤ የምጠየቅ ተማሪ ነኝ። እስከ ዛሬ ወረቀት እንጂ ሰው አልጠየቀኝም። የማውቀውን ሰው ይጠይቀኝ! አፍ አለኝ።»

 ፈተናው በቃል ይሁን እያለች ከጠዋት ጀምሮ ስትሟገት የዋለችው ወጣቷ ዶክተር ፈይሩዝ ጠረጴዛውን መታች።

«ወላሂ፣ እኔ በዚያ ሁሉ ስላይድ ያልቻልኩትን በአንድ አፍ ጨረሰችው። ለምን አሁን አንሞክራትም?»

«ለሙከራ ብቻ» አሉ ዶክተር ከፋለ። «ውጤት የለውም።»

«እንግዲህ ልጅቷ ራሷ ከቆመች የኛ መቆም ምን ሊረባ» አሉና መምሬ ባምላክ ተቀመጡ። ጉልበታቸውም ሳያስቸግራቸው አልቀረም።

ዶክተር ፈይሩዝ ጠየቀች። «አሸተን ማርያም ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?»

ንጋት ማርከሩን ጨበጠች። ያ የምታውቀው ጨለማ መጣ፤ ድርግም ሊል ነው። ይኼኔ ከኋላዋ መምሬ ባምላክ ለሼሁ በሹክሹክታ ሲያማርሩ ተሰማ፤ ሹክሹክታቸው ደግሞ የቅዳሴ ያህል ነው።

«እዚያ ባቄላ አይበስል! ገዳም የተቀመጥኩ ጊዜ ጥርሴን የጨረሰው እሱ ነው። እኔ እኮ እንጨቱን ስረግም ነው የኖርኩት።»

ንጋት ሳይታወቃት ሳቀች፤ ስትስቅ ጨለማው ተነሳላት።

«እንጨቱ ምንም አላጠፋም፣ መምሬ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውሃው ብዙ የሚጫነው ስለሌለ ሳይግል ይፈላል። ባቄላው የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ መንተክተኩ ምን ያደርግለታል?»

ግፊቱ ከከፍታው ጋር እንዴት እንደሚቀንስ ጻፈች። ቀጥላ የመፍላቱን ቀመር ጀመረችና እጇ ቆመ።

«የውሃው የትነት ሙቀት፣ ውሃው ለመትነን የሚፈጀው፣ ቁጥሩ ጠፋኝ።»

«ከጠፋሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች ዶክተር ፈይሩዝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ወረቀት ኖሮ አያውቅም። ንጋት አሰበች። «ባሕር ዳርቻ ላይ በመቶ ይፈላል። እዚህ ላሊበላ በዘጠና ሁለት ግድም ነው፤ እዚሁ ትምህርት ቤት ሳለን በቴርሞሜትር ለክተነዋል። ቁጥሩን ከሁለቱ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ ወደ አሸተን መውጣት ነው።» ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። «ዘጠና ግድም ነው። ቢጎድል እንጂ አይበልጥም።»

«የአየሩን ሙቀት ከታች እስከ ላይ አንድ አድርገሽ ነው የወሰድሽው» አሉ ዶክተር የሻው።

«አዎ፣ ልክ አይደለም። ግን ብዙ አያሳስትም።»

«ያሳስታል እንጂ!» አሉ ዶክተር የሻው።

«ኧረ አያሳስትም!» አሉ ዶክተር ከፋለ። ሁለቱ ተነስተው ሰሌዳው ላይ ተሻሙ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያጠፋል፤ ልጅቷን ረሷት።

ሼህ መሐመድኑር አንገታቸውን ነቀነቁ። «እነሱ ራሳቸው ሳይስማሙ ልጅቷን በምን ጣሏት?»

ዶክተር ከፋለ ማርከሩን አስቀመጡ። ፊታቸው ከበድ አለ።

«ልጅቷ ታውቃለች፤ በዓይኔ አየሁ። ግን ዛሬ ለሽማግሌ ብዬ በሩን ብከፍት፣ ነገ አባት ሁሉ ጋቢ አስለብሶ ይልክብኛል። ዘመድ ለሌለው ተማሪ ማን ይቆምለታል?»

ይቺ ንጋትን ወጋቻት። የሻረግ ትዝ አለቻት፤ ዶርም አብራት የነበረች፣ እናትም አባትም የሌላት፣ ከሷ ጋር እኩል የወደቀች ልጅ። ለየሻረግ ማንም ጋቢ አልለበሰም።

«እውነትዎን ነው፣ ዶክተር። እንግዲያው ይጻፉት። ሽማግሌ መላክ ክልክል ነው ብለው ይጻፉ። ቀጥለው ደግሞ በወረቀት የወደቀ ሁሉ በቃል ይጠየቅ ይበሉ፤ ዘመድ ያለውም የሌለውም፤ ካሁን በፊት የወደቀውም።»

«እኛኑ ልታባርሪን?» አሉ ሼሁ ደንግጠው።

መምሬ ባምላክ ጢማቸውን ሲዳስሱ ቆዩ። «ጻፉት» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ዘመን ስሸመግል ኖሬ፣ ሽማግሌ ይቅር ብዬ ሸምግዬ አላውቅም። ይቺም ትለፈኝ?»

እጅ ይውጣ ተባለ። ከዶክተር የሻው በስተቀር ሁሉም አወጡ፤ እሳቸውም ዙሪያውን አይተው አወጡ። መምሬም አወጡ። ድምፅ የለዎትም ቢሏቸው «ለማድመቂያ ነው» ብለው እጃቸውን አላወርድ አሉ።

«የዛሬው አይያዝልሽም» አሉ ዶክተር ከፋለ ንጋትን። «ጥቅምት ላይ እንደማንም ትጠየቂያለሽ። ያኔ ብትወድቂ በቃ።»

«እሺ፣ ዶክተር» አለች። ሽማግሌዎቹን አስከትላ ወጣች።

አቶ ጋሻዬም ደርሰው፣ ለመግባት አፍረው የሆቴሉ በር ላይ ቆመዋል። ገና ሲያዩዋት «ሰጡን?» አሉ።

«አልሰጡንም፣ አባዬ። በቃል ይጠይቁኛል።»

«እና ይሄ ምኑ ነው እንዲህ የሚያፍለቀልቅሽ?»

ነገረቻቸው። ሽማግሌ መከልከሉን ሲሰሙ ወደ መምሬ ዞር አሉ፤ መምሬ ሰማይ ሰማይ አዩ።

«እንግዲያ በጥቅምት እኔ ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም፣ አባዬ።»

 ንጋት ከተወለደች ጀምሮ ምንም አልፈልግም ብላቸው አታውቅም። አቶ ጋሻዬ ከላይዋ ላይ የሌለ አቧራ አራገፉላት፤ ከዚያ በኋላ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።