የፓክ ሱዋርጂ «በቃኝ»

ባሌ ፓክ ሱዋርጂ በኤሌክትሪክ ፊት እንኳ ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ነው። ቀልዴን አይደለም። «ፓክ» በእኛ በጃቫዎች የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ለሴት ሲሆን «ቡ» ይባላል። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፤ እሱም እኔን «እርስዎ» ነው የሚለኝ፤ እንዲሁ ተከባብረን አረጀን። በሌለበት ሳወራ ግን ማክበሩም ያደክመኛል፤ እሱ ልበለው።

ዕድሜውን ሙሉ ጎንግ የሚባለውን የነሐስ ደወል ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። ነሐሱን በከሰል እሳት አግሎ በመዶሻ መደብደብ ነው ሥራው። የከሰሉ ጭስ ከታች፣ የቅርንፉድ ሲጋራው ከላይ፣ ሳንባው በሁለቱ መሀል አለቀ። ከአልጋው ተነስቶ ጓሮ ደርሶ ሲመለስ እንደ ወናፍ ያናፋል። እኔ አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ አክታው እንዲወጣ ጀርባውን እመታለታለሁ። ደክሞኛል። ሚስት እንዲህ ማለቷ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ቢሆንም ደክሞኛል።

እሱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮረብታው ላይ መውጣት። ልጃችን ዉርያኒ እዚያ ናት። የቀበርናት ዕለት ትንፋሽ አጥሮት ከግርጌው፣ ከቀርከሃው ሥር ቀረ። መቃብሯን እስካሁን አላየውም። የመንደሩ ጎረምሶች «በወንበር አድርገን እናውጣዎት» ብለው ስንቴ ለመኑት፤ እሺ አላለም። በእኛ መንደር ወደዚያ ኮረብታ በሰው ትከሻ የሚወጣው ሬሳ ብቻ ነው። «ተራዬ ሲደርስ ትሸከሙኛላችሁ። እስከዚያው በእግሬ ነው» ይላቸዋል። በየዓመቱ ከረመዳን በፊት አገሩ ሁሉ መቃብር ሊያጸዳ ሲወጣ፣ እሱ ደጃፍ ተቀምጦ የሚወጡትን ያያል።

ዘንድሮ ጤና ጣቢያው አዲስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጣችለት። ቲዩርማ ትባላለች፤ ከሱማትራ የመጣች የባታክ ብሔረሰብ ልጅ ናት። የባታክ ሰው የልቡ አፉ ላይ ነው። እኛ ጃቫዎች አንዲት ነገር ለመናገር ቤቱን ሦስቴ ዞረን፣ ጉሮሯችንን ጠርገን ነው፤ እሷ በሩን ገንጥላ ትገባለች።

«ሳንባዎ አይታደስም፣ ፓክ። አልዋሽዎትም» አለችው። «ግን እግርዎም ሰልሏል። የሰለለ እግር ደግሞ ትንፋሽ ይጨርሳል። እግርዎ ከበረታ፣ ያለችዎት ትንፋሽ ትበቃዎት ይሆናል።»

«እግር የሚበረታው ሲራመዱ ነው፤ እኚህ ደግሞ ሲራመዱ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። እንዴት ይሁን ነው የምትዪው?» አልኳት።

«ለዚህ ነዋ ይሄ ያለው!»

መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት። ሽቦዎቿ ጫፍ ላይ ጭን ላይ የሚለጠፉ ነገሮች አሏት። ሰውየው ተጋድሞ፣ ሳንባው አርፎ፣ ኤሌክትሪኩ ጡንቻውን ብቻ ያሠራዋል። ለእኔ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «ቁልፉን ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ቡ። በቃኝ ሲሉ ያቁሙ።»

ስህተቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ከቀትር ሶላት በኋላ ጭኑ ላይ እለጥፍለታለሁ፤ ቁልፉን ነካ አደርጋለሁ፤ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ እሱ «በቃኝ» ይላል። አቆማለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጋደማል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። የዝናቡ ወራት በዚሁ አለቀ።

ጤና ጣቢያ ስንመለስ ቲዩርማ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አስኬደችው። ድሮ ግድግዳ የተደገፈባት ቦታ ላይ ሲደርስ አሁንም ግድግዳ ተደገፈ። ፊቷ ጠቆረ።

«ጡንቻው ኩምትር ሲል አይተዋል?» አለችኝ።

«የምን ኩምትር? በቃኝ ይላሉ፣ አቆማለሁ።»

«የት ላይ ሲደርስ?»

«መብራቱ ሲበራ።»

ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወይኔ ቡ! ይሄ እኮ ዝንብ አያባርርም! ፓክ፣ ምንም ሳይሰማዎት ነው እንዴ በቃኝ የሚሉት?»

ፓክ ሱዋርጂ ፈገግ ብሎ መሬት መሬት አየ። «ይሰማኛል የኔ ልጅ። በቂ ነው። ለእኔ ብላችሁ አትድከሙ።»

ያኔ በራልኝ። በእኛ አገር ምግብ የቀረበለት ሰው ገና ሳይቀምስ በቃኝ ይላል፤ ወጉ ነው። በመጀመሪያው በቃኝ ጭልፋውን የሚመልስ ጋባዥ ደግሞ ሰው አይባልም። እንግዳ ቢሆን ኖሮ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያልኩ ሳህኑን እሞላው ነበር። ይኼ ግን የገዛ ባሌ ነው፤ እኔም ቶሎ ቁጭ ብዬ ዓይኔን መክደን እፈልጋለሁ። ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በራሴም፣ በሣጥኗም።

«የኔ ልጅ፣ የእኚህ ሰውዬ በቃኝ፣ በቃኝ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ገና ጀምሩ ማለት ነው።»

«ኧረ በስመ አብ! እናንተ ጃቫዎች ልትገድሉኝ ነው! እኛ ጋ እኮ ትንሽ ያመመው ሰው ሰፈር ያተራምሳል!» ብላ አልጋው ላይ አስተኛችው። እሷ የልቡን ምት ልትከታተል ክንዱን ያዘች፤ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ።

«በቃኝ» አለ።

«በሞቴ፣ ትንሽ።»

«በቃኝ አልኩ እኮ፤ ይተዉት።»

«እኔ ልሙት፣ ይቺን ብቻ!»

«ኧረ በአላህ ይዤዎታለሁ…»

ጨመርኩ። ጭኑ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ ተወራጨ፣ እግሩ ከፍራሹ ተነሳ።

«አንቺ ሴትዮ! ልትገድዪኝ ነው?»

ከተጋባን ጀምሮ አንቺ ብሎኝ አያውቅም። ራሱም ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ።

«በቃቸው» አልኩ። «አሁን በቃቸው።» ሳቄ መጣ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ቲዩርማ ምቱን ቆጥራ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። «ደህና ናቸው። እንግዲህ በየቀኑ አንቺ እስኪሉዎት ይጨምሩና ከዚያ ጥቂት መለስ ያድርጉት።»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በየከሰዓቱ ስድብ ሆነ። ጎረቤታችን ቡ ሌጊየም በአጥሩ አጮልቃ፣ «ምነው፣ በስተርጅና ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ። «ስፖርት እየሠራን ነው» አልኳት። ጭኑ ግን ሥጋ ያዘ። ጓሮ ደርሶ ሲመለስ ለወሬ የሚሆን ትንፋሽ ይተርፈው ጀመር፤ ያችኑ ትንፋሽ ስለ ኮረብታው ሲያወራ ይጨርሳታል።

መቃብር የሚጸዳበት ቀን ደረሰ። ሴቶቹ የሩዝ ቂጣ በዘንቢል አዝለው፣ ወንዶቹ ማጭድና መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ቲዩርማ ክርስቲያን ብትሆንም «እኔ ሳልኖር አንድ እርምጃ የለም» ብላ መጣች። ፓክ ሱዋርጂ ምርኩዙን ይዞ ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ እንዳስተማረችው ከንፈሩን አሞጥሙጦ ትንፋሹን ያወጣል፣ ደግሞ ይራመዳል። እግሩ አልከዳውም።

የከዳኝ የእኔ ነው። እኩሌታው ላይ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ዘንቢሌን አውርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ዞር አለ። «ደከመዎት?»

«ይሂዱ። ትንፋሽዎን በወሬ አይጨርሱ።»

«ያለ እርስዎ…»

«ይሂዱ አልኩ! ዛሬ ካላዩዋት አልምርዎትም።»

ቲዩርማ ዘንቢሉን አንስታ ክንዱን ደገፈችውና ሄዱ። ጀርባውን እየተከተልኩ አየሁት። ሲደርስ ላየው ነው የተቀመጥኩት። ለዓመታት ሌሊት የተኛሁት ግማሽ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ጥዬ ነው፤ ትንፋሹ ሲፈጥን እነሳለሁ፣ ሲጠፋም እነሳለሁ። ያ ድንጋይ ጋ ግን ትንፋሹ አይሰማም። ነፋስ ቀርከሃውን ያንሿሿዋል፣ ከላይ ጸሎት ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አለመስማት እንዴት ደስ ይላል አልኩ።

ስነቃ ፀሐይዋ ዞራለች። ሰው እየወረደ ነው። ትከሻዬ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሽርጥ ጣል ተደርጎልኛል። ፓክ ሱዋርጂ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ አፈር ነክቷል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። የደረሰባትን ሰዓት አላየኋትም። ለእሷ ስል ስንት ከሰዓት ስሰደብ ከርሜ፣ ተኝቼ አመለጠችኝ።

«ደረሱ?» አልኩት።

«ደረስኩ።» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁ። «ሣር በዝቶባት ነበር። ነቀልኩላት።»

«ምን አሏት?»

«እሷ ናት የጠየቀችኝ። ‹እማዬስ?› አለችኝ። ‹እናትሽ ደክሟታል፣ ታች ተኝታለች› አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹አይቀስቅሷት› አለች።»