አርባ የግራ እጅጌ

"እስቲ አንቺው አንብቢልኝ፤ እኔ እንደሁ ጨረቃን ከአምፖል አልለይም" አሉ ጋሼ መቀስ፣ ሜኑውን ወደ ሚጡ እየገፉ።

ሚጡ አነበበችላቸው። ዓሣ በኮኮናት፣ ዶሮ በማንጎ፣ ሩም በአናናስ ጭማቂ። የምግብ ቤቱ ዘንባባዎች ፕላስቲክ ናቸው፤ በድምፅ ማጉያው የሚሰማው የባሕር ማዕበልም ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ይወቀው፤ በአቅራቢያው ያለው ውኃ የመኪና ማጠቢያው ብቻ ነው። የልብስ ፋብሪካው ሠራተኞች ግን ጠረጴዛ ገጥመው፣ የወረቀት ጃንጥላ የተሰካበት ብርጭቆ ይዘው ይሳሳቃሉ። የጋሼ መቀስ የመሰናበቻ ምሳ ነው።

ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጡ ሰው በአንድ ጥፋት ተሰናበቱ፤ ጥፋቱ ደግሞ የሳቸው አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ እንዲወጣ ማታ ፊት ለፊት እያጋጠሙ የደራረቡትን ጨርቅ ረዳታቸው ሚጡ ጠዋት ስትጠርግ መሬት ላይ ጣለችው። ሳይመጡ ልድረስ ብላ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ መለሰችው። እሳቸውም የገዛ እጃቸውን አምነው ቆረጡት። ሃያ ቀኝ፣ ሃያ ግራ መሆን የነበረበት እጅጌ አርባውም ግራ ሆኖ ወጣ። "ዓይኔ ነው" አሉ ጋሼ መቀስ። ሚጡ ዝም አለች። ከነገ ጀምሮ የመቁረጫ ጠረጴዛው የሷ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሷ እውነት ግን ይህን ሁሉ ቀን አድሮም አልነጋለትም።

"ሁለት ግራ እጅ ያለው ሰው ካገኛችሁ ላኩልኝ፤ ሃያ ሸሚዝ አለኝ!" አሉ ጋሼ መቀስ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሚጡም ሳቀች፤ በሳቋም አፈረች።

አስተናጋጁ መጠጡን ሲያስቀምጥ ጋሼ መቀስ የአበባ ሸሚዙን እጅጌ ያዝ አድርገው ዳሰሱት። "ወንድሜ፣ ብብትህ ሥር ስፌቱ ሊለቅ ነው።" ልጁ ክንዱን አንሥቶ አየ፤ እውነታቸውን ነው።

"ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አብረን እንሥራ ብሎኝ ነበር" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እምቢ አልኩት። ለዓይንስ መነጽር አለ። በገዛ እጄ ያነጠፍኩትን ካላወቅሁ የሰው ጨርቅ እንዴት እነካለሁ?"

ሚጡ የዓሣውን ሳህን ወደ ጎን ገፋችው። እስካሁን የወሰደችባቸው ጠረጴዛቸውን ብቻ ይመስላት ነበር።

"ጋሼ…"

"ወይ ልጄ?"

"እርስዎ በትክክል ነበር ያነጠፉት። ጠዋት ጥዬው እንደገና የደረብኩት እኔ ነኝ።"

ጋሼ መቀስ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ" አሉ፣ "ያንሶላ ፊትና ጀርባ በጣቴ ስፈትን፣ ሚስቴ 'ምን ነካው?' ብላ ስታለቅስ…" አልጨረሱትም።

"ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱን ዛሬ አልችልም።"

ከጠረጴዛው ራስ የፋብሪካው ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ ብርጭቆ ይዘው ተነሡ። "እንግዲህ ስለ ጋሼ መቀስ ጥቂት ልበል። ዓይን ይደክማል፤ በማንም ይደርሳል…"

ሚጡ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

"እትዬ፣ አንዴ ይቀመጡልኝ" አለች። "ስለ እጅጌዎቹ የምናገረው እኔ ነኝ።"