በሐሰት የተዘጋው ቅያስ

ብዙዎች ተማምነው በጋራ የሠሩትን ሥራ ለቂሙ መወጫ የሚያደርግ ሰው ፍርዱን ከሩቅ አይጠብቅም፤ የገዛ እጁ ታደርስለታለች።

የአንዲት ከተማ ሰዎች በስልካቸው የሚያዩት፣ ማንም ሊያርመው የሚችል የጋራ ካርታ ነበራቸው። ፋርማሲስቷ ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ ስታይ ትመዘግባለች፤ መምህሩ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መግቢያ ያመለክታል። ከሁሉ የተጋው ግን አንድ አናጢ ነበር። ስለ ትጋቱም «ነባር አራሚ» ተባለ፤ የሌላው ሰው እርማት ምስክሮች ሲሻ፣ የእርሱ ያለ ምስክር ይጸድቅ ነበር።

ይህ ሰው ቂም ያዘ። የእህቱ ባል፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ አናጢው በኢንተርኔት ከለጠፈው የወንበር ፎቶ ሥር «በዚህ ከመቀመጥ ቆሞ መብላት ይሻላል» ብሎ ጻፈ። አገር ሳቀ። አናጢው አልሳቀም።

«ቀልድ እኮ ነው፤ እርግፍ አድርገህ ተወው» አለችው ሚስቱ።

«እኔም መቀለድ አያቅተኝም» አላት።

ከዚያም የዳቦ ቤቱን ቅያስ በካርታው ላይ ፈልጎ፣ «መንገዱ ተደርምሷል፤ ለተሽከርካሪ ዝግ ነው» ሲል አጸደቀ። የራሱ የእንጨት ሥራ ቤትም በዚያው ቅያስ መጨረሻ ነበር፤ ነገር ግን ደንበኞቹ ከጀርባ ባለው ደረጃ በእግር ይመጣሉ፤ እንጨት የሚያመጣለት ሾፌርም መንገዱን በልቡ ያውቀዋል። ስለዚህ «እኔን ምን ይነካኛል?» አለ።

ብዙም ሳይቆይ እህቱ መጣች። «ወንድም ጋሼ፣ ዳቦ አድራሽ ሞተረኞቹ ካርታውን እያዩ ትእዛዛችንን እየሰረዙ ነው፤ ዳቦው መደርደሪያ ላይ ደረቀ። ካርታ አዋቂው አንተ ነህ፤ እስቲ እየውማ።»

«አየዋለሁ። እስከዚያው ባልሽ ቆሞ ይጠብቅ፤ መቆም ይወድ የለ?»

አንገቷን ደፍታ ወጣች። እርሱ ግን ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ሥራ ፈትተው በር ላይ የተቀመጡትን ጋጋሪዎች በመስኮት እያየ ያፏጭ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመጋዙ ሞተር የረጨው ብልጭታ ሰጋቱራው ላይ አረፈ፤ እሳቱም ወደ ቫርኒሹ ተሻገረ። አናጢው እየሮጠ ወጥቶ ወደ እሳት አደጋ ደወለ።

«በዳቦ ቤቱ ቅያስ ግቡ! ቶሎ!»

«ቅያሱ ተደርምሷል፤ በደረጃው በኩል ልከናል» አለች ስልክ ተቀባይዋ ካርታውን አይታ።

«በደረጃው መኪና አይገባም! ቅያሱም ደኅና ነው!»

«አባቴ፣ ያረጋገጠው ነባር አራሚ ነው። በጭስ ውስጥ መኪናችንን ገደል አንከትም።»

«ነባሩ አራሚ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ከሁለቱ ቃልዎ የትኛውን እንመን?» አለች ተቀባይዋ።

ዳቦ ጋጋሪው ከነሠራተኞቹ በሊጥ ባልዲ ውኃ እየቀዳ ደረሰ፤ እሳቱ ግን በባልዲ የሚመለስ አልነበረም። የአናጢው እህት የስልኩን ጩኸት ሁሉ ሰምታ ነበር። «ወንድም ጋሼ... አንተ ነህ?» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ወንድም ጋሼ» ብላ አልጠራችውም።

መኪናው ዞሮ ሲመጣ ጣሪያው ወርዶ ነበር። ሥራ ቤቱ ከነመሣሪያው ዐመድ ሆነ። የካርታው ማኅበርተኞች መክረው ነባር አራሚነቱን ገፈፉት፤ ዳግመኛም አንዲት መስመር እንዳያርም ከለከሉት። ቅያሱ በካርታው ላይ ተከፈተ፤ በመጨረሻው ላይ ግን ሌላ እጅ «የእንጨት ሥራ ቤት፦ ተዘግቷል» ብሎ መዘገበ። ምስክሮች ተጠየቁ፤ ሰፈሩ በሙሉ መሰከረ።