ነጭ ቢሆን ኖሮ

ማቴዎስ በአዋሳው የዘይት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የገዛ ሥራው እንዲበላሽ መመኘት ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ፈሳሽ ዘይት ቶሎ እንዲረጋ የሚያደርግ አረንጓዴ ዱቄት ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ለፍቷል። ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ነገር ካታሊስት ይሉታል። የሠራው ኒኬልን ከሐይቁ ማዶ ከሚቆፈር ነጭ አፈር ጋር አዋሕዶ ነው። ውሁዱ በስሙ እንዲመዘገብለት ወደ አዲስ አበባ ጽፎ ነበር። መልሱ ከአንድ የቆየ የውጭ አገር ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት ሰነድ፣ ቅጂ ጋር መጣ።

«ሰነዱ ውሁዱን በስም ባይጠቅስም፣ ዘዴውን የተከተለ ሁሉ ሳያስበው ያንኑ የሚያገኝ ከሆነ ግኝትዎ አዲስ አይደለም» ይላል በ«ኢትዮጵያ ትቅደም» የተዘጋው ደብዳቤ። «ዘዴውን ሦስት ጊዜ ይሞክሩት። ከሦስቱ አንዱ ሙከራ ብቻ እንኳ ውሁዱን ሳይሰጥ ከቀረ ጥያቄዎ ይታያል።»

ፍተሻው ቀላል ነው። ዱቄቱ ላይ ቀጭን አሲድ ሲፈስበት ከአፈሩ ጋር ያልተዋሐደው ኒኬል ታጥቦ ይወርድና ነጭ አፈር ብቻ ይቀራል። ከተዋሐደ ግን አረንጓዴው አይለቅም።

ሰኞ አረንጓዴ ሆነ። ማክሰኞም እንደዚያው።

ረቡዕ ጠዋት የሥራ ባልደረባው ጉልላት ምድጃው ላይ የሚንተከተከውን ብርጭቆ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሊጡ እንዳይቦካ የሚሳል ጋጋሪ ዛሬ ገና አየሁ።»

«አትሳቅብኝ።»

«ማን ሳቀ? ስማ፣ ለአራት ሰዓት ያህል ይፍላ ነው አይደል የሚለው? ሁለት ሰዓት ሞልቶታል፤ አሁን አውርደው። በደንብ ካልፈላ አይዋሐድም፣ ነጭ ይወጣልሃል። ማን ቆሞ ያይሃል?»

የማቴዎስ እጅ ወደ መቆንጠጫው ሄደ። ብርጭቆውን እንደያዘ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ለቀቀው።

«ሰነዱ አራት ይላል» አለ።

«እንግዲያ ዘጠኝ ዓመትህን አብረህ ቀቅለው።»

ዱቄቱ ደርቆ አሲዱን ያፈሰሰበት ከምሳ በኋላ ነው። ከማጣሪያው ወረቀት ሥር ጠብ ጠብ ያለው እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀረው አረንጓዴ ነው።

«ፓተንቱን የጻፈው ሰውዬ እኮ ምን እንደሠራ አያውቅም ነበር» አለ ማቴዎስ። «ስለዚህ አረንጓዴ አንዲት ቃል አልጻፈም።»

«አንተ ታውቃለህ።»

«ማወቄን ማን ጠየቀኝ?»

ጉልላት የሥራ ጋዋኑን አውልቆ ሰቀለና ወጣ።

ማቴዎስ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ቅጽ አወጣና በሦስቱም ረድፍ «አረንጓዴ» ብሎ ሞላ። ከግርጌው «የፈታሹ ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ። ስሙ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት የሚገባው በዚህ ቅጽ ብቻ ስለሆነ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን አላጠፈውም።