የግራው ቀይ ወረቀት

ሩዪ ከአውቶቡሱ ወርዳ ግቢው ስትደርስ በተበዳሪዋ በጓን ፔይ በር ላይ የቀኙን ቀይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘችው። የግራው ገና በእጁ ነበር።

ሮጠች። በስድሳ ዓመቷ፣ በረዶ በቀላቀለ ጭቃ ላይ። በዚያ አገር በአዲስ ዓመት ዋዜማ መልካም ምኞት የተጻፈበት ጥንድ ቀይ ወረቀት በበሩ ግራና ቀኝ ከተለጠፈ በኋላ ዕዳ አይጠየቅም፤ አበዳሪ በዓሉ እስኪያልፍ ደጅ አይረግጥም። በዓሉ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው። ሆስፒታሉ የባሏ የዴቻንግ የልብ ቀዶ ሕክምና ቅድሚያ ክፍያ ካልመጣ አልጋውን ዓርብ ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል።

"ቆይ፣ አትለጥፍ።" ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ማን ነዎት?"

"አበዳሪህ ነኝ። ለዶሮ እርባታህ በስልክ የተበደርከው የእኔን ገንዘብ ነው።"

ተያይተው አያውቁም። ያገናኛቸው ድርጅት የብዙ ሰው ቁጠባ በስልክ እየሰበሰበ ገንዘቡን ለማያውቋቸው ሰዎች ያበድር ነበር፤ ሩዪ የባንኩን ሦስት እጥፍ ወለድ አገኛለሁ ብላ ያላትን ሁሉ ሰጠች፣ አብዛኛው ለዚህ ሰው ደረሰ። ተበዳሪ ሲዘገይ የድርጅቱ አስከፋዮች ያሳድዱታል፣ ካስገቡት ሲሶውን ያስቀራሉ፣ የቀረውን ለአበዳሪው ይልካሉ፤ ውሉ ይህ ነበር። በመኸር ፖሊስ የድርጅቱን ቢሮ አሸገው። የጓን ፔይን አድራሻ ከሥራ ከተባረረ አስከፋይ በጋብቻ ቀለበቷ ገዛችው።

እናቱ ሙጫ በሳህን ይዘው ወጡ። "በሩ ተለጥፏል እኮ፣ እህቴ። ነውር ነው።"

"አንዱ ብቻ ነው የተለጠፈው።"

"አንዱ ከተለጠፈ ተለጠፈ ነው።"

"ባሌ ሊሞት ነው። ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ።"

"የባልሽን ነፍስ ለስልክ አደራ የሰጠሽው አንቺ፣ እኛ ደጅ መጥተሽ ታለቅሻለሽ?"

 ሩዪ ወረቀቱን አልለቀቀችም።

ጓን ፔይ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣ። "አክስቴ፣ እኔ ከፍያለሁ።"

"ትዋሻለህ።"

"በሐምሌ። ለሚስቴ አባት፣ ለድሮ አስተማሪዬ፣ መኖ ለሚሸጥልኝ ሰው ሳይቀር አስከፋዮቹ እየደወሉ ሌባ ነው አሉ። ሚስቴ ጥላኝ ሄደች። ዶሮዎቹን በሙሉ ሸጬ ከፈልኩ። ይኸው፣ ይዩት።"

አየችው። የድርጅቱ ስም፣ የእሱ ስም፣ ዕዳው ተጠናቋል የሚል ማኅተም። በዚያ ሐምሌ ሩዪ ለድርጅቱ በየማለዳው ትደውል ነበር፤ ሰውየው ጠፍቷል፣ እየፈለግነው ነው ይሏት ነበር። ለዘመዶቹ ደውሉ፣ አትራሩለት ያለቻቸውም እሷ ራሷ ናት። ቀና ስትል የዶሮ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ላባ ብቻ።

ስልኳ ጮኸ። ዴቻንግ ነው።

"አገኘሽው?"

"አገኘሁት።"

"ከፈለ?"

"ከፍሏል። አስከፋዮቹ ናቸው የበሉት።"

"እነሱን ማን ያስከፍላቸዋል ታዲያ?"

"እንጃ።"

"በይ ነይ። ብርድ ነው።"

እናትየው ሙጫው እየደረቀ ነው አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሩዪ የግራውን ወረቀት ለጓን ፔይ መለሰችለትና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። እሱም እንዳይነካት እየተጠነቀቀ፣ ከራሷ በላይ ለጠፈው። አልተነሳችም፤ የምታንኳኳው ሌላ በር አልነበራትም።