ራስጌ የተሰቀለው ደወል

ልጅ ሳለሁ፣ ተኝቷል ብለው፣ እናቴና ታላቅ እህቴ ሲጨዋወቱ ሰምቻለሁ። ከምን ተነስተው እዚያ እንደደረሱ ጠፍቶኛል፤ አያታችን አልጋ ላይ የዋለችበት ሰሞን ሳይሆን አይቀርም። እናቴ «እኔም እንዲህ ስሆን፣ ስጠራሽ ትመጫለሽ?» አለቻት። እህቴ በምን እንደማለች አላስታውስም፤ መማሏን ግን አስታውሳለሁ። እናቴ ደስ ብሏት ስትስቅም ትዝ ይለኛል።

ዘንድሮ እናታችን ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ገባች። የደም ግፊት መድኃኒቷ ብድግ ስትል ያዞራታል። ነርሷ ይህን አውቃ አልጋውን ዝቅ አድርጋ፣ መነጽሯንና የማያንሸራትት ጫማዋን አጠገቧ አኑራ፣ የመጥሪያውን ደወል ገመድ ትራሷ ላይ አሰረችላት። ሽንት ቤት ብቻዎን እንዳይሞክሩ፣ መቶ ጊዜም ቢሆን ይደውሉ አለቻት። ነርሷ ከአልጋ አልጋ ስትዘል ስለምትውል እናቴ «ፌንጣዬ» ብላ ስም አወጣችላት።

ሰኞ የማስታመሙ ተራ የእህቴ ነበር። ሻይ ልትጠጣ ወጣ ባለችበት እናቴ ወደቀች። ዳሌዋን እግዚአብሔር ሲያተርፈው የእጇ አንጓ ተሰበረ። ደወሉ የተገኘው ከራስጌዋ ጀርባ፣ የግሉኮስ ማንጠልጠያው ብረት ላይ፣ እጇ በማይደርስበት ተሰቅሎ ነው። የክፍሉ ኃላፊ «ሰቅለሽው ሄደሽ ነው» ብላ በፌንጣዋ ላይ በሰው ፊት የስድብ ናዳ አወረደችባት። እኔም ፊቴን አጠቆርኩባት። ከሁላችን ይልቅ የተቆጣችው ግን እህቴ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ደወሉን አልነካም አለች። ፌንጣዋ መልሳ ብታስርላትም፣ ሽንቷ ሲመጣ ዝም ብላ እግሯን ወደ መሬት ትልካለች። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል፤ ዳግመኛ ከወደቀች ዳሌዋ አይተርፍም፣ ከአልጋም አትነሳም። ብለምናት፣ በፈጣሪ ስም ብማጸናት መልሷ አንድ ነው፦ ማን ሊመጣ።

ሐሙስ መለመኑን ትቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሰው ዝም ካሉት የሆዱን ያወጣል። ጣሪያውን እያየች፣

«የሰቀለችው እህትህ ናት» አለችኝ።

ሰኞ ዕለት እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር እንጂ አልተኛችም። እህቴ ስንቴ ትደውያለሽ፣ ነርሶቹ አሮጊቷ ሥራ አስፈታችን ይላሉ፣ ሰውም ይታዘበናል ስትል አርፍዳ፣ ተኛች ብላ ስታስብ ገመዱን ፈታ ሰቀለችው። እናቴም እህቴ ከሻይ ስትመለስ ታወርደዋለች ብላ ጠበቀች። ሽንቷ አላስጠብቅ ሲላት ተነሳች።

«መውደቄስ ይሁን» አለች። «ያቺ ልጅ በከንቱ ስትሰደብ እህትህ አብራ መቆጣቷ ነው የገደለኝ። እኔስ የወለድኳትን በምን አፌ ላጋልጥ? ዋጥ አድርጌ ያዝኩት።»

ብዙም ሳይቆይ እህቴ ምሳ ይዛ ገባች። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሰማሁትን ለእህቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ይሉኝታ ይዟት እንጂ ክፋት አስባ እንዳልሆነ፣ ያለፈ ነገር ቢቆፈር ለማንም እንደማይበጅ ትደረድር ጀመር። የምሳ ዕቃውን መተላለፊያው ላይ አስቀምጣው ስለነበር እናቴን እንዳያደናቅፋት አንስቼ ጥግ አስያዝኩት።

እናቴ ሳትዞር «ስጠራሽ እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች። «መምጣቱ እንኳ ቢቀር፣ መጥሪያዬን ትወስጂብኝ?»

እህቴ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች። እናቴም ነገረቻት፤ ኃላፊዋም ፌንጣዋም ባሉበት፣ እዚሁ አልጋው ሥር ቆማ፣ የሰቀልኩት እኔ ነኝ እንድትል ነው። እህቴ በሩን አየች፣ እኔን አየች። አላገዝኳትም።

«እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ጥሪያቸው፤ እነግራቸዋለሁ።»

እናቴ ዞረች። በደህናው እጇ ትራሷን ዳብሳ ደወሉን ተጫነችው።