የእትዬ ሮማነወርቅ አንገት

እጮኛዬ ጥበቡ የመቱዋን ባለሆቴል የእትዬ ሮማነወርቅን ምስል ከስልክ ፎቶ ሣለ። ፎቶው ላይ አንገታቸው በሻርፕ ተሸፍኗል። ሥዕሉ ላይ ግን ተገልጧል፤ ሦስት ረድፍ ንቅሳትም አለው።

"ይህን የት አየኸው?"

"ገምቼ ነው።"

ቀለበቴን አውልቄ የብሩሽ ጣሳው ውስጥ ጣልኩት።

በማግስቱ እትዬ ሥዕሉን ሊወስዱ ሲመጡ አንገታቸውን ላረጋግጥ እኔም ተገኘሁ። ሥዕሉን እንዳዩ ሻርፓቸውን ገለጡ፤ ንቅሳት የሚባል ነገር የለም።

"የማንን አንገት ነው የሰጠኸኝ፣ አንተ?"

"የእናቴን፣ እትዬ። እንደ እርስዎ የጎንደር ዘር ናት፤ የጎንደር ዘር ሁሉ የሚነቀስ መስሎኝ።"

"እኔ እዚሁ መቱ ተወልጄ!"

ቀለበቴን ከጣሳው አውጥቼ አጠለቅኩ። ንቅሳቱን በቆዳ ቀለም እስኪያጠፋም አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ። ለሦስት ረድፍ ይህን ያህል ቀስ ማለት ግን ምን ያስፈልጋል?